በሰው እግር

በሁለት ሺህ ስልሳዎቹ መጀመሪያ ኮምቦልቻ ውስጥ ጠዋት ጠዋት በየግቢው ሳይሄዱ የሚራመዱ ሰዎች ይታዩ ነበር። ዓይናቸው ላይ ሰፊ መነጽር፣ እግራቸው ሥር ለስላሳ መርገጫ አለ። እዚያው ባሉበት ይረግጣሉ። አንዳንዴ ጉልበታቸውን ከፍ እያደረጉ ደረጃ በሌለበት ደረጃ ይወጣሉ፤ አንዳንዴም ቆም ብለው ለማይታይ ሰው መንገድ ይለቃሉ። አላፊ አግዳሚው ቀና ብሎም አያያቸውም። መሪዎች ነበሩ። ተከታዮቻቸው በዚያው ሰዓት ሌላ ቦታ፣ ትምህርት ቤት ወይም ገበያ ወይም መስጊድ በር ላይ፣ በመሪያቸው እርምጃ የሚንቀሳቀስ ልብስ ለብሰው እውነተኛውን መንገድ ይሄዳሉ።

ሉባባ ይመር ከመሪዎቹ አንዷ ነበረች። ተከታይዋ ታናሽ ወንድሟ ነጂብ ነው።

ነጂብ ሲወለድ ምጡ ረዝሞ አየር አጥሮት ነበር። አንጎሉ ተጎዳ። እጅና እግሩ አንዴ እንደ እንጨት ይገተራል፣ አንዴ ደግሞ ዝልፍልፍ ይላል። ሐኪሞቹ ሴሬብራል ፓልሲ ነው አሉ፤ አይድንም፣ ነገር ግን ከተሠራበት ይሻሻላል አሉ። እናቱ ሩቅያም ሠራችበት። ያኔ በከተማው የእንቅስቃሴ ሕክምና ማዕከል የነበሩ አንድ አዛውንት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያሳዩዋትን ቤቷ እየመጣች ትደግመዋለች። ምንጣፍ ላይ አስተኝታ የእግሩን ጅማት ቀስ እያለች ታፍታታለች። ትልቅ ኳስ ላይ በሆዱ ታስተኛውና ራሱን እንዲያነሳ መስታወት በፊቱ ትይዝለታለች። ከሰዓት በኋላ ከእንጨት በተሠራ መቆሚያ ውስጥ ደግፋ ታቆመዋለች። ሥራው አታካች፣ ለውጡም የጥፍር ያህል ነበር። ያም ሆኖ ነጂብ አራት ዓመት ሲሞላው ራሱን ቀና አድርጎ ይይዝ፣ ሲያሻው ይገላበጥ፣ ቀኝ እጁን ዘርግቶ የእናቱን ሻሽ ይጎትት ነበር።

ልብሱ የመጣው በዚያ ዓመት ነው። አዛውንቱ ባለሙያ ጡረታ ወጡ፤ በቦታቸው ትርሲት የምትባል ወጣት ተመደበች። ኳሱና ምንጣፉ ከማዕከሉ ተነሱ። ትርሲት ለወላጆች ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ታስረዳ ነበር፦ መሪው ሲራመድ ልብሱ ተከታዩን ያራምደዋል፤ አንጎል በአንድ መንገድ ሲመላለስ መንገዱን ይለምደዋል፤ ሲለምደው መሪው ቀስ በቀስ ይወጣል። መሪው የቅርብ የሥጋ ዘመድ ቢሆን ይመረጣል። ሉባባ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ፈቃደኛ ነሽ ወይ ተብላ ተጠይቃ አዎ አለች። ከዘጠኝ ዓመት ልጅ ሌላ መልስ የጠበቀ አልነበረም።

ነጂብ መጀመሪያ የተራመደ ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ግቢያቸው ገባ። ሉባባ ከአጥሩ ጥግ መርገጫዋ ላይ ቆማ እግሯን አነሳች፤ ነጂብ ከቤቱ በር ላይ እግሩን አነሳ። ሴቶቹ እልል አሉ። አባቱ ይመር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ። ነጂብ ግን ዓይኑን አፍጥጦ ወደ ታች ያይ ነበር። መሬትን ከዚያ ከፍታ አይቷት አያውቅም። ሰዎቹ ገርሞት ነው አሉ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ከተማው ራሱን ከልብሱ ጋር አስተካከለ። ተሽከርካሪ ወንበሮች ከየቤቱ ተሰብስበው ይመር ወደሚሠራበት ብረት ማቅለጫ መጡ፤ የነጂብም ወንበር መጣች፤ ይመር ራሱ ወደ እሳቱ አስገባት። በየሰፈሩ ቁልቁለትና በየሕንጻው መግቢያ የነበሩት ተዳፋት መወጣጫዎች ዝናብ ውሃ ያወርዱባቸው ስለነበር ፈርሰው ደረጃ ተሠራባቸው። ትምህርት ቤቱ ወደ ላይ አደገ፤ ትልልቆቹ ልጆች ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተማሩ። ይህ ሁሉ በክፋት የተደረገ አልነበረም። የማይራመድ ሰው አልነበረማ።

የሉባባ ቀን የነጂብ ቀን ነበር። ጠዋት እናታቸው ልብሱን ታለብሰውና ሉባባ መነጽሯን ታጠልቃለች፤ ከዚያ በኋላ የምታየው እሱ የሚያየውን ነው። ቁልቁለቱን ታወርደዋለች፣ አስፋልቱን ታሻግረዋለች፣ ፎቁን ታወጣዋለች። እሱ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ እሷም ግቢው ውስጥ በርጩማዋ ላይ ትቀመጣለች። ምሳ ሰዓት ላይ ባዶ እጇን ወደ አፏ ትወስዳለች፤ እሱ ዳቦውን ይገምጣል። ሲያሳክከው በዝግታ፣ ቃላቱ እየተጣበቁበት የቱ ጋ እንደሆነ ይነግራታል፤ እሷ የራሷን ጀርባ ታካለች። በእረፍት ሰዓት ኳስ ይጫወታሉ። ሉባባ ኳስ ወዳ አታውቅም፤ ሆኖም ነጂብ ጥሩ መቺ ተባለ። ጓደኞቹ ግን ሲሮጥ እንደ ሴት ነው የሚሮጠው እያሉ ይስቁበት ነበር። የራሷን ትምህርት ከሰዓት በኋላ፣ እሱ ልብሱን ካወለቀ በኋላ፣ ብቻዋን ከቤት ትከታተላለች።

መሪ ይወጣል የተባለው ግን አልሆነም። በየዓመቱ ማዕከሉ ውስጥ የሉባባን መነጽር ያወልቁና ይጠብቃሉ። ነጂብ በልብሱ ማሰሪያዎች ላይ እንደተሰቀለ ይቀራል። ትርሲት መሣሪያዋን ታይና ገና ነው ትላለች። ጉዳታቸው ቀላል የነበረ ጥቂት ልጆች ተሳክቶላቸው ነበር፤ የእነሱ ምስል ማዕከሉ ግድግዳ ላይ ይታያል። ስለቀሩት ማንም አያነሳም።

ሩቅያ ሌላም ነገር አስተውላለች። ገላውን ልታጥበው ልብሱን ስታወልቅለት ልጁ እንደ እርጥብ ጨርቅ ክንዷ ላይ ይወድቃል። በአራት ዓመቱ ይይዘው የነበረውን ራሱን አሁን አይዝም፤ አንገቱን የሚይዝለት የልብሱ ኮሌታ ነው። የድሮውን ምንጣፍ ብመልስለትስ ብላ ትርሲትን ጠየቀቻት። ትርሲት በእጅ ማንቀሳቀስ አንጎሉ የሚለምደውን መንገድ ያምታታበታል፣ ማዕከሉም አይፈቅድም ብላ መለሰችላት። ነጂብ ዳሌዬን ያመኛል ባለ ጊዜ ደግሞ መሣሪያዋ ሕመም አላሳየም፤ ያሳየው ጡንቻው ልብሱን እንደሚቃወም ነው። ትርሲትም የልብሱን ጉልበት ጨመረችው። ነጂብ ጥቂት ጊዜ ተናግሮ ተወው።

ነጂብ አሥራ ሁለት ዓመት በሞላው ዓመት በልግ ዝናቡ በረታ። አንድ ጠዋት የመርገጫው መጠለያ ቆርቆሮ ቀዳዳ አበጅቶ ውሃ ሲያንጠባጥብ ቆይቷል፤ ሉባባ አላየችውም። መነጽሯ ውስጥ የሚታያት የትምህርት ቤቱ ደረጃ ነበር፤ ነጂብ ከሦስተኛ ፎቅ ለእረፍት እየወረደ ነበር። እግሯ አዳለጣት። ግራ እግሯ ከሥሯ ታጥፎ ወደቀችበት። በዚያው ቅጽበት ልብሱ የነጂብን ግራ እግር እንደዚያው አጥፎ ደረጃው ላይ ጣለው። አጠገቡ የነበሩ ልጆች ማንም ሳይነካው ራሱን እንደወረወረ ተናገሩ።

ደሴ ሆስፒታል ወንድምና እህት ጎን ለጎን ተኙ። የሁለቱም የግራ ጭን አጥንት ተሰብሯል፤ ቦታው እንኳን አንድ ነበር። የአጥንት ሐኪሙ ስብራቱ ይጠገናል አለ። ከዚያ ሩቅያንና ይመርን ወደ ጎን ጠርቶ በነጂብ ምስል ላይ ሌላ ነገር አሳያቸው። የግራ ዳሌው መጋጠሚያ ከቦታው ወጥቷል። የዛሬ አይደለም፤ ዓመታት ሆኖታል፤ አጥንቱ እየተፋጨ ቅርጹን አጥቷል። ጅማቱ በየቀኑ ቢፍታታ፣ አቋቋሙ ቢታይ፣ ምናልባት አይደርስም ነበር፤ አሁን ግን በቀዶ ጥገናም የሚመለስ አይደለም አላቸው።

«ዶክተር፣ በዚህ ዳሌ ነው ይህን ሁሉ ዘመን ሲራመድ የኖረው?» አለች ሩቅያ።

«ሲራመድ አይደለም» አለ ሐኪሙ ቀስ ብሎ። «ሲያራምዱት።»

ሉባባ ይህን የሰማችው ከአባቷ ነው። ፊቷን ወደ ወንድሟ አልጋ አዞረችና ለምን አልነገርከኝም አለችው። ነጂብ መልሱን ለማውጣት ጊዜ ወሰደበት።

«ነግሬሽ ነበር» አለ።

ቁጣ አልነበረበትም። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አላነሱም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ስብራቱ እስኪጠገን ነጂብ ልብሱን መልበስ አይችልም ነበር። ሩቅያ ምንጣፉን አነጠፈች። እጆቿ የሚያውቁት መስሏት ነበር፤ ግን ያኔ የተማረችው ለሕፃን ገላ ነው። ይህ ረጅም፣ የተኮማተረ፣ ዳሌው የወለቀ ልጅ ነው። የቱን ጅማት መሳብ፣ የቱን መተው እንዳለባት አላወቀችም። አንዳንድ ቀን ስትነካው ይጮኻል፤ ያን ቀን ትተወዋለች። አዛውንቱ ባለሙያ ሞተዋል።

ትርሲት ልትጠይቃቸው መጣች። ምንጣፉን ስታይ አልከለከለችም። ጫማዋን አውልቃ ተንበረከከችና እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች። ሩቅያ እስቲ አንቺ አሳዪኝ፣ የተማርሽው ነው አለቻት።

«እትዬ ሩቅያ፣ እኔ የተማርኩት በልብሱ ነው» አለች ትርሲት። «ልጅ በእጄ ይዤ አላውቅም።»

ያስተማሯትንም ጠየቀች፤ እነሱም አያውቁም። የድሮዎቹ ማስተማሪያ መጻሕፍት ተገኙ፤ ምስሎቹን እያዩ ሁለቱ ሴቶች ሞከሩ። አንዷ ትከሻውን ትይዛለች፣ ሌላዋ ጉልበቱን። ትርሲት መጀመሪያ የምትነካውን ቦታ ሁሉ ከምስሉ ጋር ታመሳክር ነበር። የልጅ ጡንቻ ሲወጠር ምን እንደሚመስል፣ ሲላላ ምን እንደሚመስል ያወቀችው በዚያ ምንጣፍ ላይ ነው። ዳሌውን ግን አንዳቸውም አልደፈሩትም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነጂብ በሆዱ ተኝቶ ሳለ ራሱን አነሳ። ማንም አልያዘውም። አንገቱ እየተንቀጠቀጠ ቀና አለና ከበሩ ውጪ የምታልፍ ዶሮ አየ። ዶሮዋ እስክትሰወር ድረስ አየና ወደቀ።

«እኔ ነኝ» አለ አፉ ምንጣፉ ላይ ሆኖ። «ሉባባ አይደለችም፤ እኔ ነኝ።»

ሩቅያ ወደ ውጭ ወጥታ ጥቂት ቆይታ ተመለሰች። ትርሲት ያን ቀን ስትሄድ ለማዕከሉ እንደምትናገር፣ ምንጣፍና ኳስ እንደምትጠይቅ ተናገረች። ጠየቀችም። አለቆቿ በጥሞና ሰሟት፤ በእጅ የሚደረግ ሕክምና ውጤቱን መለካት እንደማይቻል፣ ለእሱ የሚሆን ባለሙያም ቦታም እንደሌለ ገለጹላት። በራሷ ጊዜ መሄዷን ግን አንከለክልም አሏት። ከዚያ ወዲህ የሚደርሷት ልጆች በዙባትና መምጣቷ እየተራራቀ ሄደ።

የትምህርት ጊዜ ደረሰ። ይመር ከአሮጌ አልጋ ብረትና ከጋሪ ጎማ ወንበር ሠራ። ወንበሯ ጥሩ ነበረች፤ ነጂብ ተቀምጦባት ግቢውን ዞረ። ከግቢው በር ውጭ ግን ደረጃው ይጀምራል። ይመር ወንበሯን ትቶ ልጁን አዝሎ ትምህርት ቤት ወሰደው፤ ደረጃው ላይ ሦስት ጊዜ አረፈ። ርእሰ መምህሩ አቶ ደምለው በር ድረስ ወጥተው ተቀበሏቸው፤ ወንበር ስበው አስቀመጧቸው፤ የሉባባንም ጤንነት ጠየቁ።

«ልጁን ጠልተን አይደለም አቶ ይመር» አሉ። «በየቀኑ አዝለው ያመጡታል እንበል። ወንበሩ ላይ ማን ያስቀምጠዋል? ሽንት ቤት ማን ይወስደዋል? እሳት ቢነሳ ማን ያወርደዋል? ይህ ሕንጻ ለሚራመድ ልጅ ነው የተሠራው።»

ይመር እኔ ከሥራ ቀርቼ አብሬው እውላለሁ አለ። ርእሰ መምህሩ አሰቡበት። ሌሎች ወላጆች በክፍል ውስጥ የሰው አባት ሲቀመጥ እንደማይወዱ፣ እሱም ከሥራ ቢቀር ቤተሰቡ ጦሙን እንደሚያድር በትሕትና አስረዱት። ልብሱን ሲለብስ ቦታው እንደተጠበቀለት ነው አሉ። ይመር ልጁን አዝሎ ወረደ። ነጂብ የአባቱ ትከሻ ላይ ራሱን ማንሳት አቅቶት የሚያየው ደረጃውን ብቻ ነበር።

ጓደኞቹ ሁለት ጊዜ ቤት መጥተው ጠየቁት። ሲናገር ቀድሞም በደንብ አይሰሙትም ነበር፤ ከኳሱ ውጪ የሚያገናኛቸው አልነበረም። ቀሩ። ነጂብ ጠዋት ጠዋት በሩ አጠገብ ተኝቶ ልጆቹ ሲያልፉ ድምፃቸውን እየለየ ይሰማ ነበር። ራሱን ማንሳቱም አልጨመረም፤ አንዳንድ ሳምንት ያነሳል፣ አንዳንድ ሳምንት ያቅተዋል።

የሉባባ እግር አጥሮ ዳነ። ስትሄድ ወደ ግራ ታነክሳለች። ማዕከሉ መሪነቱ አብቅቷል አላት፤ እሷ ካነከሰች እሱም ያነክሳልና። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ለራሷ ሄዳ አታውቅም። ብቻዋን ገበያ የወጣች ቀን ሜዳው ላይ ጉልበቷን ከፍ እያደረገች ደረጃ ስትወጣ ራሷን አገኘችው። ጎረቤቶች እንግዲህ ነፃ ወጣሽ፣ ምን ልትሠሪ አሰብሽ ይሏታል።  ቤት ተመልሳ ወንድሟ አጠገብ ትቀመጣለች።

በጥቅምት መጨረሻ ትርሲት መጣችና ሌላ ነገር ነገረቻቸው። መሪ የሚሆን ዘመድ ላጡ ተከታዮች መንግሥት ቅጥር መሪ ይመድባል። መሪው ሩቅ ከተማ ቢሆንም ችግር የለውም። ይህን ስትናገር ሩቅያን አላየቻትም። ሩቅያ እንቢ አለች። ሐኪሙ በዚያ ዳሌ ላይ መራመድ አጥንቱን ይበላዋል፣ ሕመሙም በየዓመቱ ይብሳል ብሎ ነግሯታል። ትርሲት እሱንም አውቃለሁ አለች። 

ያኔ ነው ነጂብ የተናገረው። ሁሉም ቃላቱ እስኪወጡ ጠበቁት።

«ያስመጡልኝ» አለ።

እናቱ ተጠግታው ጎንበስ አለች። ዳሌህ እኮ ነው ልጄ፣ በየእርምጃው እኮ ነው አለችው።

«አውቃለሁ። የሚያመኝ እኔን ነው» አለ። ትንፋሹን ሰብሰብ አደረገ። «እዚህ ግን ማንም የለም።»

«እኔ አለሁ።»

«አንቺ አለሽ» አለ ነጂብ፤ እሷን ማስከፋት አልፈለገም። «አንቺ ግን እናቴ ነሽ።»

ሩቅያ ከዚያ ወዲያ አልተከራከረችም። ምንጣፉን ጠቅልላ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አቆመችው።

ቅጥሩ መሪ ገዛኸኝ ይባላል፤ የሚኖረው ሐዋሳ ነው። የመጀመሪያው ቀን ድምፁ ከልብሱ ኮሌታ ውስጥ መጣ። እንደምን አደራችሁ አለና ለሁሉም በየስማቸው ሰላምታ ሰጠ፤ ጨዋ ሰው ነበር። ቀድሞ ወታደር እንደነበርና እርምጃው ሰፋ እንደሚል ነግሮ ይቅርታ ጠየቀ። ሌሎች ሦስት ልጆችም ይመራል። ነጂብን ክፍል አድርሶ ካስቀመጠው በኋላ ጎንደር ያለች አንዲት ልጅ ስላለች እሷን ቤተ መጻሕፍት ወስዶ ለእረፍት ይመለሳል። በመካከል ሽንት ከመጣበት ትንሽ መታገስ ይኖርበታል አለ። ነጂብ እሺ ሲል ገዛኸኝ አልሰማውም፤ ሉባባ እሺ ብሏል ብላ ተረጎመችለት።

ሩቅያ ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ አጠበቀች። የዳሌው ጋ ስትደርስ ጨርቅ አጥፋ ከሥሩ አደረገች። ነጂብ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቃት። ከዚያ ልብሱ ተነሳና አቆመው። ፊቱ ነጣ፤ ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ። ሉባባ እናቁም ወይ አለችው። ነጂብ በዓይኑ አይሆንም አላት።

ገዛኸኝ ዝግጁ ነን ወይ ብሎ ጠየቀ።

ነጂብ ደረቱን ነፍቶ፣ እጆቹን እያወዛወዘ፣ እንደ ትልቅ ሰው በሰፊው እየረገጠ በግቢው አለፈ። ሉባባ ስምንት ዓመት ያራመደችውን ገላ አላወቀችውም። መንገድ ላይ ልጆቹ ነጂብ መጣ፣ ነጂብ መጣ እያሉ ተቀበሉት፤ አንዱ አረማመዱ አምሮበታል አለ። ደረጃውን መውረድ ሲጀምር ግራ ትከሻው በየእርምጃው ከሕመሙ ሽምቅቅ ይል ነበር። ያ የገዛኸኝ አልነበረም፤ ከራሱ የቀረው ያ ብቻ ነው።

ሩቅያና ሉባባ ከበሩ ቆመው ዓይናቸው እስኪያጣው አዩት። ነጂብ ዞር ብሎ ሊያያቸው ፈልጎ እንደሆነ አላወቁም። አንገቱ በኮሌታው ተይዟል፤ አንገቱን የሚያዞረው ሰውዬ ሐዋሳ ነው፣ እሱ ደግሞ ወደ ኋላ የሚያይበት ምክንያት አልነበረውም።